በነጥብ ግራፍ ላይ የተደራረቡ ነጥቦችን ለይቶ ስለማሳየት

መግቢያ

በገበሬ ማሳ ላይ የሚካሄድ ሙከራ ውጤቱ የሚለየው እህሉ ታጭዶና ተወቅቶ ሲመዘን ነው። ውጤቱ ለሌላው ሰው የሚደርሰው ግን በሠንጠረዥና በግራፍ ተዘጋጅቶ ነው። ሠንጠረዡን እስከ መጨረሻው የሚያነበው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ ግራፉን ግን ሁሉም ያየዋል፤ ምክርም የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ እርሱን በማየት ነው። ስለዚህ ግራፉ ከደበቀ ምክሩም ይሳሳታል።

ከግራፍ ዓይነቶች ሁሉ ለመስክ ሠራተኛ በጣም ጠቃሚው የነጥብ ግራፍ ነው። በአግድም መስመሩ ላይ አንዱ መለኪያ (ለምሳሌ የማዳበሪያ መጠን)፣ በቁም መስመሩ ላይ ሌላው መለኪያ (ለምሳሌ ምርት) ይጻፍና እያንዳንዱ ማሳ በአንድ ነጥብ ይወከላል። አማካይ ቁጥር ሁሉንም ማሳ አንድ ላይ ሲጨፈልቅ፣ የነጥብ ግራፍ እያንዳንዱን ለብቻው ያሳያል። ይህ ጥቅሙ የሚቀረው ነጥቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፉ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገበሬዎች ቀን ላይ እንዲህ ያለ ግራፍ በትልቅ ወረቀት ስለን ሰቅለን ነበር። ከሙከራው ተሳታፊዎች አንዱ የሆኑ አዛውንት ገበሬ ነጥቦቹን በጣታቸው ቆጠሩና፣ «ልጆቼ፣ እኛ ብዙ ነበርን፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ጥቂት ነን። የቀረነውን የት አደረጋችሁን?» አሉን። «አባባ፣ ሁላችሁም አላችሁ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ስላረፈ ነው» ብለን መለስን። «እንግዲያው የሚታየው የላይኛው ብቻ ነዋ» አሉ። ትክክል ነበሩ። ግራፉን አውርደን እንደገና ሠራነው። ይህ ጽሑፍም ከዚያ ቀን የተማርነውን ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለመስክ ረዳቶችና ለጀማሪ ተመራማሪዎች ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

1. ነጥቦች ለምን ይደራረባሉ?

ነጥቦች የሚደራረቡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

ሀ. የሙከራው መጠን የተወሰነ በመሆኑ። ማዳበሪያው 0፣ 50 እና 100 ኪሎ ተብሎ ከተወሰነ፣ ነጥቦቹ ሁሉ በሦስት ቁም መስመሮች ላይ ብቻ ይሰለፋሉ። በመካከል የሚያርፍ አይኖርም።

ለ. መለኪያው ደረጃ ያለው በመሆኑ። የምርት ናሙና ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከማሳው ከፊሉን ለክቶ በማጨድ ነው። 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ማለትም 5 ካሬ ሜትር ታጭዶ፣ የሚዛኑ ትንሹ ክፍል 100 ግራም ነው እንበል። አንድ ሔክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ የናሙናው ክብደት በ2,000 ይባዛል። 100 ግራም በ2,000 ሲባዛ 200 ኪሎ ወይም 2 ኩንታል ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን የተመዘነ ምርት 12፣ 14፣ 16 ኩንታል እያለ ይሄዳል እንጂ 13 ወይም 15 ሊሆን አይችልም። የገበሬዎቹ ምርት በእውነት እኩል ሳይሆን ሚዛኑ እኩል አድርጎታል። የበሽታ መጠንን ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ስንመዘግብም የሚሆነው ይኸው ነው።

ሐ. ብዛቱ ከወረቀቱ በላይ በመሆኑ። ቁጥሮቹ የተለያዩ ቢሆኑም እንኳ በሺህ የሚቆጠሩ ማሳዎች በአንድ ገጽ ላይ ሲሳሉ ነጥቦቹ ተጠጋግተው አንድ ጥቁር እድፍ ይሆናሉ።

መፍትሔው እንደ ምክንያቱ ስለሚለያይ፣ አስቀድሞ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል።

2. መደራረብ የሚያስከትለው ስሕተት

ጉዳቱን ለማሳየት አንድ የመልመጃ ምሳሌ እንወስዳለን። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተዘጋጁ እንጂ ከማሳ የተወሰዱ አይደሉም። 60 ስንዴ ዘሪ ገበሬዎች አሉ፤ 20ዎቹ ዩሪያ አልጨመሩም፣ 20ዎቹ በሔክታር 50 ኪሎ፣ 20ዎቹ ደግሞ 100 ኪሎ ጨምረዋል። ምርቱ የተመዘነው ከላይ በተጠቀሰው ሚዛን ነው። በሔክታር የተገኘው ምርትና ያንን ያገኙት ገበሬዎች ቁጥር የሚከተለው ነው።

ዩሪያ 0 ኪሎ፦
10 ኩንታል — 1 ገበሬ
12 ኩንታል — 6 ገበሬ
14 ኩንታል — 9 ገበሬ
16 ኩንታል — 3 ገበሬ
18 ኩንታል — 1 ገበሬ

ዩሪያ 50 ኪሎ፦
12 ኩንታል — 1 ገበሬ
14 ኩንታል — 2 ገበሬ
16 ኩንታል — 5 ገበሬ
18 ኩንታል — 9 ገበሬ
20 ኩንታል — 2 ገበሬ
22 ኩንታል — 1 ገበሬ

ዩሪያ 100 ኪሎ፦
12 ኩንታል — 8 ገበሬ
14 ኩንታል — 1 ገበሬ
16 ኩንታል — 1 ገበሬ
20 ኩንታል — 1 ገበሬ
22 ኩንታል — 1 ገበሬ
24 ኩንታል — 7 ገበሬ
26 ኩንታል — 1 ገበሬ

ይህ በተለመደው መንገድ ሲሳል በወረቀቱ ላይ የሚታየው በመጀመሪያው መስመር 5፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው 7፣ በድምሩ 18 ነጥብ ነው። 42 ገበሬዎች ከሌላው ነጥብ ሥር ተደብቀዋል።

አሁን ይህን ግራፍ የሚያይ ሰው ምን ይላል? ዓይን እያንዳንዱን ነጥብ እኩል ይቆጥራል። የሚታዩት ነጥቦች መካከለኛ ቦታ በ0 ኪሎ 14፣ በ50 ኪሎ 17፣ በ100 ኪሎ ከ19 በላይ ነው። ስለዚህ፣ «ዩሪያ በተጨመረ ቁጥር ምርት ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ ሁሉም 100 ኪሎ ይጨምር» ተብሎ ይደመደማል።

ትክክለኛው አማካይ ሲሰላ ግን በ0 ኪሎ 13.7፣ በ50 ኪሎ 17.2፣ በ100 ኪሎ 18.1 ኩንታል ነው። ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሲኬድ የተገኘው ጭማሪ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ይህም ቢሆን ሙሉውን እውነት አይናገርም። 100 ኪሎ ከጨመሩት መካከል 18 ኩንታል ያገኘ አንድም ገበሬ የለም። 8ቱ 12 ኩንታል ላይ ቀርተዋል፤ 7ቱ 24 ኩንታል ደርሰዋል። አማካዩ የቆመው ማንም በሌለበት ቦታ ላይ ነው።

ስምንቱ ገበሬዎች ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ዩሪያ ገዝተው ያገኙት፣ ምንም ካልጨመሩት ገበሬዎች አማካይ ያነሰ ነው። ማዳበሪያውን በብድር ወስደው ከሆነ ዕዳውን የሚከፍሉት ከብት ወይም በግ ሸጠው ይሆናል። በግራፉ ላይ ግን እነዚህ ስምንት አባወራዎች አንዲት ነጥብ ናቸው። 26 ኩንታል ያገኘው አንዱ ገበሬም እንዲሁ አንዲት ነጥብ ነው። አንዱና ስምንቱ እኩል የሚታዩበት ሥዕል ለምክር መነሻ ሊሆን አይገባውም።

3. ነጥቦችን ለይቶ የማሳያ ዘዴዎች

ሀ. ክፍት ክብ መጠቀም

ቀላሉና መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ዘዴ ነው። ድፍን ጥቁር ነጥብ በማድረግ ፈንታ ውስጡ ባዶ የሆነ ትንሽ ክብ ይሳላል። ሁለት ክቦች በከፊል ሲነካኩ የሁለቱም ጠርዝ ይታያል። የነጥቡንም መጠን መቀነስ ይረዳል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቁጥሮች ፍጹም አንድ ከሆኑ ክቦቹ ልክ በልክ ስለሚገጥሙ ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። በእኛ ምሳሌ ምንም አይለውጥም።

ለ. ነጥቦችን በተርታ መደርደር

በእጅ ለሚስል ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚያርፉ ነጥቦች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በካሬ ወረቀት ላይ 50 ኪሎ ዩሪያን በ5 ሴንቲሜትር ብንወክል፣ ስምንቱ ነጥቦች በ2 ሚሊሜትር ርቀት ሲደረደሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 14 ሚሊሜትር ብቻ ይወስዳሉ። ተርታው መሐሉን በ100 ኪሎ መስመር ላይ አድርጎ ግራና ቀኝ እኩል ይዘረጋል። ወደ 50 ኪሎ መስመር ስለማይጠጋም አንባቢውን አያሳስትም። ግራፉ ሲያልቅ በ100 ኪሎ መስመር ላይ ከታች አንድ ረጅም ተርታ፣ ከላይ ሌላ ረጅም ተርታ፣ በመሐሉ ግን ክፍት ቦታ ይታያል። ማንም ሰው ሁለት ወገን እንዳለ ወዲያው ያያል።

ሐ. ነጥቦችን ማነቃነቅ

በኮምፒዩተር ለሚሠራ ሰው የተለመደው ዘዴ እያንዳንዱን ነጥብ በዕጣ በተገኘ ትንሽ ቁጥር ከቦታው ፈቀቅ ማድረግ ነው፤ ባለሙያዎች ጂተር ይሉታል። በኤክሴል ሲሠራ «ራንድ» የተባለው ፎርሙላ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር በዕጣ ያወጣል። ከዚህ ላይ 0.5 ተቀንሶ ውጤቱ በ1.6 ቢባዛ፣ ከ0.8 በታች ዝቅ ወይም ከፍ የሚያደርግ ቁጥር ይገኛል። ይህ በምርቱ ላይ ይደመራል።

ምን ያህል ይነቃነቅ? ደንቡ ከመለኪያው ደረጃ ግማሽ እንዳያልፍ ነው። የእኛ ሚዛን ደረጃ 2 ኩንታል ስለሆነ ግማሹ 1 ኩንታል ነው፤ 0.8 ከዚህ ስለሚያንስ ይፈቀዳል። 12 ኩንታል የተባለው ምርት በእውነቱ ከ11 እስከ 13 መካከል የትም ሊሆን ይችል ነበርና ነጥቡን በዚያ ክልል ውስጥ ማንቀሳቀስ ሐሰት አይሆንም። ከዚያ ካለፈ ግን 12 እና 14 ተደባልቀው ያልነበረ ነገር ይታያል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ራንድ ሠንጠረዡ በተነካ ቁጥር አዲስ ዕጣ ስለሚያወጣ ነጥቦቹ በየጊዜው ቦታ ይለውጣሉ፤ ስለዚህ የወጣው ቁጥር ተገልብጦ በቋሚ ቁጥርነት መለጠፍ አለበት። ሁለተኛ፣ የተነቃነቀው ቁጥር ለሥዕል ብቻ ነው። አማካይም ሆነ ሌላ ስሌት የሚሠራው በመጀመሪያው፣ በመዝገቡ ቁጥር ነው። ሁለቱ በተለያየ ዓምድ ካልተቀመጡ መደባለቃቸው አይቀርም።

መ. የሱፍ አበባ ነጥብ

ይህን ዘዴ ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጽሑፍ አቅርበውታል። አንድ ማሳ ብቻ ያለበት ቦታ ተራ ነጥብ ይደረግበታል። ሁለት ካሉ ከነጥቡ ሁለት አጫጭር ጭረቶች፣ ሦስት ካሉ ሦስት ጭረቶች እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያውን ይወጣሉ። በእኛ ምሳሌ በ100 ኪሎ መስመር ላይ 12 ኩንታል ዘንድ ባለ 8 ቅጠል፣ 24 ኩንታል ዘንድ ባለ 7 ቅጠል አበባ ይሳላል። ነጥቡ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ትክክለኛው ቁጥር እንዳለ ይነበባል። በእርሳስና በማስመሪያም ይሠራል። ቅጠሎቹ ከ12 ያህል ሲበልጡ ግን ለመቁጠር ስለሚያስቸግሩ ለብዙ ማሳ አይሆንም።

ሠ. የክቡን ስፋት በብዛት መወሰን

ብዙ ገበሬዎች ያሉበት ቦታ ትልቅ ክብ፣ ጥቂት ያሉበት ትንሽ ክብ ይሳላል። በዚህ ላይ የሚሠራ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ከብዛቱ ጋር እኩል ማደግ ያለበት የክቡ ስፋት እንጂ ወርዱ አይደለም። ለ1 ገበሬ ወርዱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ከተሳለ፣ ለ4 ገበሬዎች 4 ሚሊሜትር፣ ለ9 ገበሬዎች 6 ሚሊሜትር ይሆናል። ለ9 ገበሬዎች 18 ሚሊሜትር ቢሳል ስፋቱ 81 እጥፍ ይሆንና አንባቢውን ያሳስታል። በክቡ ውስጥ ቁጥሩን መጻፍ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል።

ረ. አሳላፊ ቀለም

ኮምፒዩተር ቀለሙን ስስ አድርጎ ከሥር ያለው እንዲያሳልፍ ማድረግ ይችላል። አንድ ነጥብ ደብዛዛ፣ ብዙ ነጥብ የተደራረበበት ደማቅ ይሆናል። ነገር ግን ወሰን አለው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ አምስተኛ ቢሸፍን፣ 5 ነጥቦች ሲደራረቡ 67 በመቶ፣ 10 ሲሆኑ 89 በመቶ፣ 20 ሲሆኑ 99 በመቶ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ 20ውንና 200ውን ዓይን አይለየውም። ብዛቱ ከፍ ያለ ከሆነ ቀለሙን ይበልጥ ማሳሳት ይገባል።

በተጨማሪም ጽሑፉ በፎቶ ኮፒ የሚባዛ ከሆነ ስሱ ቀለም ወይ ይጠፋል፣ ወይ ከደማቁ እኩል ይጠቁራል። ወደ ገጠር የሚላክ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ስለሆነ፣ ለእርሱ ክፍት ክብ፣ ተርታ ወይም የሱፍ አበባ ነጥብ ይመረጣል።

ሰ. እንደ ማር እንጀራ መክፈል

በሺህ የሚቆጠር ማሳ ሲኖር እያንዳንዱን ነጥብ ለማሳየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በዚህ ጊዜ ገጹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ይከፈልና በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ያሉት ነጥቦች ይቆጠራሉ። ብዙ የያዘው ክፍል ደመቅ፣ ጥቂት የያዘው ፈዘዝ ተደርጎ ይቀባል። ይህ ዘዴ በስታቲስቲክስ ጽሑፎች ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው፤ ዛሬ በነጻ የሚገኘው «አር» የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቀላሉ ይሠራዋል። ኮምፒዩተር የሌለው ሰው በካሬ ወረቀት ላይ በየካሬው ጭረት እያደረገ ቢቆጥር ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል።

4. ለይቶ ማየት ወደ ማሳው ይመልሳል

ነጥቦቹን ለይቶ ማሳየት ለሥዕል ውበት የሚደረግ አይደለም። ሁለት ወገን ሲታይ የሚቀጥለው ጥያቄ «ስምንቱ እነማን ናቸው?» የሚል ይሆናል። መልሱ ያለው በግራፉ ላይ ሳይሆን በመስክ መዝገቡ ላይ ነው። የአፈሩ ዓይነት፣ የተዘራበት ቀን፣ የዘሩ ዓይነት፣ የአረም ሁኔታ፣ ማሳው ዳገት ወይም ረባዳ መሆኑ በየተራ ይታያል።

በመልመጃችን ስምንቱም ኮትቻ ወይም ዋልካ በሚባለው፣ ውሃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ የዘሩ ሆነው ተገኙ እንበል። ይህ ከሆነ ምክንያቱ ለግብርና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በክረምት ውሃ በተኛበት ማሳ ሥሩ አየር ያጣል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም ከፊሉ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ ለእነዚህ ገበሬዎች አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሦስተኛ ከረጢት ሳይሆን ሰፊ መደብና ቦይ አውጥቶ ውሃውን ማጠንፈፍ ነው።

ይህ ሲታወቅ ግራፉ በአፈር ዓይነት ተለይቶ እንደገና ይሳላል። ጥቁር አፈር በድፍን ሦስት ማዕዘን፣ ቀይ አፈር በክፍት ክብ ሊወከል ይችላል። ነጥቦቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን ይደረጋሉ፤ የቁም መስመራቸው ልክ ግን አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ ማነጻጸር አይቻልም። ስምንቱ ተለይተው ሲወጡ የቀሩት 12 ገበሬዎች አማካይ 22.2 ኩንታል ነው። በእርግጥ ገበሬዎቹን በውጤታቸው ለይቶ «ማዳበሪያው ይህን ያህል አስገኘ» ማለት አይገባም፤ በአፈር ዓይነት የሚለየው በሦስቱም የዩሪያ መጠኖች ላይ መሆን አለበት። ግራፉ የሚጠቁመው ጥያቄውን ነው፤ ማረጋገጫው በሁለቱም አፈር ላይ በሚቀጥለው ዓመት የሚደረግ ሙከራ ነው።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት በሔክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለው አንድ ወጥ ምክር አፈር ሳይለይ ሲሰጥ መቆየቱ ይታወሳል። ገበሬው ግን የሚያርሰው የራሱን ማሳ እንጂ አማካይ ማሳ አይደለም።

5. የትኛው ዘዴ ይመረጥ?

— ማሳዎቹ እስከ 100 ያህል ሆነው ግራፉ በእጅ የሚሳል ከሆነ፦ በተርታ መደርደር ወይም የሱፍ አበባ ነጥብ።
— ማሳዎቹ እስከ ጥቂት መቶ ሆነው በኮምፒዩተር የሚሠራ ከሆነ፦ ክፍት ክብን ከማነቃነቅ ጋር።
— ነጥቦቹ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፉ ከሆነ (ለምሳሌ የበሽታ ደረጃ)፦ ክቡን እንደ ብዛቱ ማስፋትና ቁጥሩን መጻፍ።
— ማሳዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ከሆነ፦ እንደ ማር እንጀራ መክፈል።
— ሁለት ወገን ከታየ፦ በምልክት ወይም በተለያየ ግራፍ መለየት።

6. ማሳሰቢያ

ማንኛውም የነጥብ ግራፍ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት የሚከተሉት ይፈተሹ።

አንደኛ፣ በወረቀቱ ላይ ያሉት ነጥቦች ይቆጠሩና በመዝገቡ ካሉት ማሳዎች ቁጥር ጋር ይመሳከሩ። ካነሱ የተደበቀ ገበሬ አለ።

ሁለተኛ፣ ከግራፉ ሥር የማሳው ብዛት፣ ሚዛኑ ወይም መለኪያው ስንት በስንት እንደሚሄድ፣ ነጥቦቹም ተነቃንቀው ወይም ተደርድረው ከሆነ ይኸው በግልጽ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት መደራረቡ እንዲቀንስ ከወዲሁ ይታሰብ። የናሙናው ስፋት ከ5 ወደ 20 ካሬ ሜትር ቢጨምር፣ በዚያው ባለ 100 ግራም ሚዛን ደረጃው ከ2 ኩንታል ወደ ግማሽ ኩንታል ይወርዳል። በሚዛን የታጣውን ሥዕል ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም።

አራተኛ፣ የሚቻል ከሆነ ግራፉ መጀመሪያ ለገበሬዎቹ ይታይ። እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ፈልጎ ማግኘት ከቻለ ግራፉ በሚገባ ተሠርቷል። ካላገኘ ግን ጉድለቱ የእኛ ነውና እንደገና እንሥራው።